«ምድር» ላይ የሚወርደው ድምፅ፦ የአንድ የሰፈር ኳየር ሁለት ሌሊት በቢሾፍቱ

ኳየራችን የሰፈር ኳየር ነው። የቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ የመሥሪያ ቤትም አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ ረቡዕ ረቡዕ ማታ የምንገናኝ 38 ሰዎች ነን። ነርስ አለች፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ጡረታ የወጡ አባት አሉ። ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ቆሞ ያዜማል። እኔ አልቶ ነኝ፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ ከሚያዜሙት አንዷ። መዋጮ የምሰበስበውና ማን መጣ ማን ቀረ እያልኩ የምመዘግበውም እኔ ነኝ።

በ2017 ዓ.ም. ከዓርብ መጋቢት 5 እስከ እሑድ መጋቢት 7 ቢሾፍቱ ወርደን፣ ሁለት ሌሊት አድረን ተለማመድን። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አድርገን አናውቅም። አንድ ችግር ይዘን ሄደን ፈትተነው ተመለስን። ሌላ ችግር ደግሞ እዚያው ፈጠርን። ሁለቱንም እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚያስብ ኳየር ሁለቱንም ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ችግሩ

መምህራችን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ራሱ ገጥሞ ራሱ ያዘጋጀው አንድ ዜማ አለ። ለአራት ድምፅ ነው፦ ከፍና ዝቅ ላለው የሴቶች ድምፅ፣ ለሶፕራኖና ለአልቶ፤ ከፍና ዝቅ ላለው የወንዶች ድምፅ ደግሞ፣ ለቴነርና ለባስ። አራት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ያለ መሣሪያ ነው የሚዜመው። ቅኝቱ አምባሰል ነው፣ ከአራቱ የአገራችን ዋና ቅኝቶች አንዱ። አዝማቹ ሦስት ጊዜ ይመለሳል፤ ሦስቱንም ጊዜ የሚያልቀው «ምድር» በሚለው ቃል ነው።

ስንጀምር ልክ ነን። ስንጨርስ ግን ወርደናል። መምህራችን መጨረሻ ላይ ኪቦርዱን ነካ ሲያደርገው ድምፃችንና ኪቦርዱ አይገናኙም። ጥርስ ያፋጫል። እየቀለድን እናልፈው ነበር፣ በኋላ ግን ቀልዱ አለቀ። ባሶች አልቶዎችን፣ አልቶዎች ባሶችን መውቀስ ጀመሩ። ሶፕራኖዎች ደግሞ ሁላችንንም። ከሁሉም በላይ ጣት የተቀሰረባቸው ጋሼ ናቸው፣ ጡረታ የወጡት አባት። ባስ ናቸው። ልጅ ሳሉ ቆሎ ትምህርት ቤት ዜማ ተምረዋል። የፈረንጅ ኖታ አያነቡም፣ ድምፃቸውንም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግሩ ሳብ ያደርጉታል። «እሳቸው ናቸው የሚጎትቱን» የሚል ሐሜት ነበር። እሳቸውም ሰምተዋል። ሁለት ረቡዕ ቀርተው ነበር።

ረቡዕ ማታ ችግሩን መፍታት ለምን እንዳቃተን አሁን ይገባኛል። ሰው ከሥራ ይመጣል። ታክሲ ተሰልፎ፣ ደክሞት፣ ግማሹ ዘግይቶ ይገባል። አንድ ሰዓት ተኩል ነው ያለን። የምናጠናው ዘጠኝ ዜማ ነው። መምህራችን ጊዜ ለመቆጠብ ሁልጊዜ ኪቦርድ አብሮ ይጫወታል። ኪቦርዱ ሲኖር ድምፃችን አይወርድም፣ ተደግፈነዋላ። ኪቦርዱ ሲነሳ እንወርዳለን። የት ቦታ ላይ እንደምንወርድ ግን አንድም ቀን ቆም ብለን አላዳመጥንም።

ሁለት ጾም በአንድ ወር

ቀኑን ስንመርጥ ሌላ ነገር ገጠመን። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ነበሩ። «ይለፍና ከፋሲካ በኋላ እንሂድ» ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ዝግጅታችን ሚያዝያ 25 ነው፤ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 12። ጊዜ አልነበረም።

ከባዱ ጥያቄ የምግብ አልነበረም። «በጾም ዘፈን?» የሚለው ነበር። ይህን ያሉት ሰዎች ከልባቸው ነው ያሉት፣ እኔም በቀላሉ የማልፈው ነገር አይደለም። አንዱ ሙስሊም ወንድማችን በረመዳን እንዲህ ያለ ጉዞ እንደማይመቸው ነግሮን ቀረ። ማንም አልተጫነውም። መምህራችንም አስቦ አንድ ውሳኔ ወሰነ። የሚያስጨፍሩት ዜማዎች በሙሉ ይቀራሉ። የምንሠራው የትንፋሽና የድምፅ ልምምድ ይሆናል። ከዘጠኙ ዜማ አንዱን ብቻ ይዘን እንሄዳለን፦ ስለ መሬትና ስለ ዝናብ የሚናገረውን፣ «ምድር» ብሎ የሚያልቀውን።

መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ለአንድ ዜማ ሁለት ሌሊት? በነፍስ ወከፍ 2,500 ብር አስከፍዬ? አሁን ሳስበው ግን ያ ጉዞ የሠራልን በዚህ ምክንያት ነው። ዘጠኙንም ይዘን ብንሄድ ኖሮ ረቡዕን ሦስት ቀን አርዝመን እንመለስ ነበር።

ዓርብ 11 ሰዓት ላይ በኮንትራት ኮስተር ተነሳን። 27 ነበርን። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በፈጣኑ መንገድ ቅርብ ናት። የዓርብ መውጫ መጨናነቅ ግን ቅርቡን ያርቀዋል። ፀሐይ የጠለቀችው ገና መንገድ ላይ ሳለን ነው። ሒጃብ የለበሰችው ሶፕራኖ እህታችን ከቦርሳዋ ቴምር አወጣች። ሦስቱ ጾመኞች ቀድመው ቀመሱ። ከዚያ ፌስታሉ ከወንበር ወንበር እየዞረ እስከ ኋላ ሄደ። ቴምር የጾም ነው፤ ለሁላችንም ሆነ። ፌስታሉ ሲመለስ ፍሬ ብቻ ነበረበት።

ያረፍነው ባቦጋያ ሐይቅ ጠርዝ ላይ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባቦጋያ እንደ ሌሎቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። ዳር ላይ ቆመህ ቁልቁል ነው የምታየው። የዚያን ቀን ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። ማንም አልተኛም። ይህን እንደ ስህተት ነው የምመዘግበው፦ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ውጭ በብርድ ሲያወራ ያመሸ አንድ ቴነር እሑድ ድምፁ ተዘግቶ ዋለ። ያወራውም ከእኔ ጋር ነው።

ቅዳሜ

ለልምምድ የተሰጠን አዳራሽ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ነበረው። ያምራል፣ ግን ድምፅ ይውጣል። አጠገብህ ያለውን ሰው እንኳ አትሰማም። ግማሽ ሰዓት ታግለን ወደ ምግብ ቤቱ ተዛወርን። ሲሚንቶ ወለል፣ ባዶ ግድግዳ። እዚያ አንድ ሰው ሲያስል አዳራሹ በሙሉ ያስላል። መምህራችን ደስ አለው።

ፕሮግራሙን የሠራነው ውኃ በማይጠጡት ሦስት ሰዎች ልክ ነው። ቅዳሜና እሑድ ኦርቶዶክሶቹ እስከ 9 ሰዓት አይቆዩም፣ ጠዋት ሽሯቸውን በልተዋል። ሙስሊሞቹ ግን ከንጋት እስከ ማታ ጠብታ አይቀምሱም። የደረቀ ጉሮሮ ደግሞ ሲያስገድዱት ይጎዳል። ስለዚህ ጠዋት ቀላል ሥራ፣ ቀን እረፍት፣ ዋናው ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ሆነ። ይህ ለሦስቱ ብቻ ሳይሆን ለ27ታችንም በጀን። ሞቃቱን ቀን አረፍን፣ ማታ በትኩስ ድምፅ ቆምን።

ጠዋት ወለሉ ላይ ነጠላና ፎጣ አንጥፈን በጀርባችን ተኛን። ሆድ ላይ አንድ መጽሐፍ ተቀመጠ። ወደ ውስጥ ስንተነፍስ መጽሐፉ ይነሳል፣ «ስስስስ» እያልን ስናወጣ በቀስታ ይወርዳል። የመጽሐፉ አወራረድ ካልተንቀጠቀጠ ድምፅህም አይንቀጠቀጥም። ነርሷ የኔን መጽሐፍ እያየች «ደረጃ የምትወርጂ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ከዚያ በየድምፃችን ተለያየን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። ኪቦርዱ አንድ ነው፣ ቡድኑ አራት። ሶፕራኖዎች ኪቦርዱን ወሰዱ። እኛ አልቶዎች ስልክ ላይ ባለ ቱነር ብቻ ቀረን፣ ድምፅ ምን ያህል እንደወጣ ወይም እንደወረደ በሚለካው። ሰባት ነበርን። አዝማቹን አዜምን፣ አንዷ ስልኩን ይዛ ቁጥሩን ታያለች። ቱነሩ አንድ ግማሽ ድምፅን ለመቶ ይከፍላል። እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ደህና ነን፤ ወዲያ ወዲህ ብንል አምስት፣ ስድስት ነው። «ምድር» ላይ ስንደርስ መርፌዋ ወደ ግራ ወደቀች። 25። ደገምን። 25። ሦስቱን አዝማች በተከታታይ አዜምን፤ መጨረሻው ላይ 80 ደረሰ።

ለካ የምንጎትተው እኛ ነበርን። ባሶቹ መጨረሻ ላይ ከእኛ አንድ ኦክታቭ፣ ከዶ እስከ ታችኛው ዶ፣ ወርደው ያንኑ ኖታ ይይዛሉ። እኛ ስንወርድ እነሱ፣ ጥሩ ጆሮ ስላላቸው፣ ተከትለውን ይወርዳሉ። ከእነሱም ቀድሞ የሚሰማውና የሚስተካከለው ማን ነው? ጋሼ። ወራት ሙሉ በደለኛ ያደረግናቸው በትክክል ስላዳመጡ ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት ሄጄ ነገርኳቸው። «ይሁን ልጄ፣ ዋናው መገኘቱ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ቀለል አላለኝም፤ ከሐሜተኞቹ አንዷ ነበርኩ።

መምህራችን መጥቶ ሰባታችንን ደጋግሞ ሰማን። ሁለት ምክንያት ነገረን። የመጀመሪያው ቅኝቱ ነው። አምባሰልን ከዶ ብንጀምር ዶ፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ላ ይሆናል። ከዶ እስከዚያ ሬ ያለው እርምጃ ጠባብ ነው፣ ግማሽ ድምፅ። ከሬው እስከ ፋ ያለው ግን ሰፊ ነው፣ ሁለት ሙሉ ድምፅ። ከላይ ስንመጣ በትልቁ እርምጃ የለመደ ድምፅ መጨረሻዋን ትንሿን እርምጃም አስፍቶ ይረግጣታል። የእኛ መሥመር የሚያልቀው ደግሞ በእሷ ነው። «ም» ሬ ላይ፣ «ድር» ዶ ላይ። ዶን አልፈን እንወርዳለን ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋችን ነው። ይህን ስሰማ አፌን ይዤ ነው የቀረሁት። «ምድር» ብለህ ጻፍ። ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። «አ» ስንል አፍ ይከፈታል፣ ድምፅ መውጫ አለው። ሳድሷ «እ» ግን ስስ ናት። ስንናገር ለቅጽበት ነክተናት እናልፋለን። አንድ ሰው ስድስት ምት ሙሉ ያዛት ሲባል መንጋጋው ይዘጋል፣ ምላሱ ከፍ ይላል፣ ጉሮሮው ይጨመደዳል። በዚያ ላይ «ር» አለች። ሁላችንም «ድ»ን ገና እንደነካን ወደ «ር» እንሮጥ ነበር፤ ከስድስቱ ምት አራቱን የምናዜመው በ«ርርር» ነው። በተዘጋ አፍ ድምፅ ይደክማል፣ የደከመ ድምፅ ይወርዳል።

መፍትሔው በወሬ ቀላል ነው። ምላሷ «እ» ላይ ትሁን፣ መንጋጋው ግን «አ» ለማለት እንደተዘጋጀ ይውረድ። «ር» እስከ መጨረሻው ምት አትነካ። ከሬ ወደ ዶ ስትወርዱ እንደምትወጡ አስቡ። በአፍ ቀላል ነው፣ በአካል ግን ከእረፍቱ የተረፈውን ቀን ሁሉ ፈጀብን። መንጋጋ ሲወርድ ቃሉ «ማዳር» ይሆናል። ሲስተካከል ደግሞ መልሶ ይዘጋል። መስታወት ፊት ቆመን አገጫችንን በሁለት ጣት ይዘን «ድእእእእእ» ስንል ወጥ ቤት ያሉት እትዬ ሽንኩርቱን ትተው መጥተው አዩን።

ማታ ከኢፍጣር በኋላ 27ታችንም ቆምን። መምህራችን በየድምፃችን አላቆመንም። አንድ ሶፕራኖ፣ አንድ አልቶ፣ አንድ ቴነር፣ አንድ ባስ እያደረገ በአራት በአራት ቀላቀለን፤ ለተረፉት ሦስቱም ቦታ ፈለገላቸው። እኔ ከጋሼ ጎን ደረስኩ። የያዙትን ወረቀት አየሁት። ኖታ አልነበረበትም። ግጥሙን በእጃቸው ገልብጠውታል፤ ከየቃሉ በላይ በእርሳስ ትንንሽ ምልክት አለ። ድፋት፣ ሒደት፣ ደረት፣ ርክርክ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሯቸው የሚባሉት የዜማ ምልክቶች ናቸው። ጋሼ ልጅ ሆነው የተማሩትን ለእኛ አምባሰል አውለውታል። «ምድር» ላይ «ር»ን አርቀው ጽፈው ከላይዋ ቁርጥ የሚባለውን ምልክት አድርገውባታል። ከቁርጧ በፊት ያለው ባዶ ቦታ የሁለት ጣት ስፋት አለው። መያዣው ማለት ነው።

ለመምህራችን አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ሁላችሁም እርሳስ አውጡ» አለ። በየወረቀታችን ላይ «ር»ን ሰርዘን ከስድስቱ ምት መጨረሻ ላይ ጻፍናት፣ ቁርጥም አደረግንባት። የት እንደምንዘጋ ከዚያ በኋላ በቃል መንገር አላስፈለገም። ወረቀቱ ይናገራል።

በዚያ ማታ ዘጠኝ ጊዜ አዜምነው። በዘጠነኛው መጨረሻ ላይ ኪቦርዱ ሲነካ ልዩነቱ 15 ነበር። የእኛ ጆሮ አልለየውም። ማንም አላጨበጨበም፣ ሁሉም ሰው ኪቦርዱን ነበር የሚያየው። ልብስ ሰፊው ወንድማችን «እስቲ ድገመው» አለ። መምህራችን ኪቦርዱን እንደገና ነካው። ያው ነው።

እሑድ ብዙ የምለው የለም። ኦርቶዶክሶቹ ቅዳሴ አስቀድሰው መጡ፣ ፕሮቴስታንቶቹ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ሁለት ሰዓት ሠርተን ተመለስን። ኮስተሩ ውስጥ ሁሉም ተኝቷል።

የቀሩት አራቱ

በቀጣዩ ረቡዕ አዜምነው። ድምፁ ወረደ።

እንደ ቅዳሜው አይደለም፣ እንደ ድሮውም አይደለም። ወደ 50 ገደማ። መምህራችን ግራ ገባው። እኔ ግን መዝገቡ እጄ ላይ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ። ከ11 አልቶዎች ቢሾፍቱ የሄድነው ሰባት ነን። የቀሩት አራቱ በሙሉ እናቶች ናቸው። ትንንሽ ልጆች አሏቸው። ለሁለት ሌሊት የሚተዉላቸው ሰው የለም። ሲነግሩኝ «አይዟችሁ፣ እናስጠናችኋለን» ብዬ ስማቸው ፊት ጭረት አድርጌ አለፍኩ።

አሁን አንድ ኳየር ውስጥ ሁለት «ምድር» አለ። ሰባታችን መንጋጋችንን አውርደን እንይዛለን፣ አራቱ ሁለተኛው ምት ላይ «ር» ብለው ዘግተዋል። ወረቀታቸው ላይ ቁርጥ የለም። ስለ መጽሐፉ ስናወራ ይስቃሉ፣ ግን አልነበሩም። ከአራቱ አንዷ፣ ኳየሩን ከመሠረቱት አንዷ ናት፣ ልምምድ ሲያልቅ ቦርሳዋን እያነሳች «ሄዳችሁ ሌላ ቋንቋ ተምራችሁ መጣችሁኮ» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ለዚያ ነው የከበደኝ።

ከሰባታችን አራታችን ተመደብን፣ አንድ ለአንድ። ረቡዕ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንገናኛለን። በተረፈው ቀን በቴሌግራም ድምፅ እንላላካለን። የእኔ ጓደኛ ልጇን ካስተኛች በኋላ ኩሽና ገብታ በሹክሹክታ «ድእእእእ» እያለች ትልክልኝ ነበር። ከኋላ የፍሪጁ ድምፅ ይሰማል። በሹክሹክታ አንድ ዜማ ማስተካከል ከባድ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ቅዳሜ አንድ ቀን የፈጀውን።

ሚያዝያ 25 ዝግጅቱ ደረሰ። አምባሰሏን ሦስተኛ አድርገን አዜምናት። የመጨረሻውን «ምድር» ስድስት ምት ያዝነው፣ «ር» ሰዓቷን ጠብቃ መጣች። መምህራችን ኪቦርዱን አልነካውም፣ ሰው ፊት አይደረግም። ግን አንዱ ቴነር ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከፍቶት ነበር። ማታ ስናየው 20 ወርደናል።

የዘንድሮውን ጉዞ እያዘጋጀሁ ነው። መዋጮው ከፍ ብሏል፣ ምክንያቱም ለሁለት ሞግዚት የሚከፈል ጨምሬበታለሁ። ልጅ የሌላቸውም ይከፍላሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ጠየቀኝ፣ ስነግረው ከፈለ። ልጆቹ ሰባት ናቸው። ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ይጠባል። ከምግብ ቤቱ ራቅ ያለውን ሰፊ ክፍል ለእነሱ ይዣለሁ። የሚጠባው ግን ከእናቱ ጋር አልቶዎቹ መካከል ይሆናል።